«ቴክ» ሁልጊዜ «ወሰደ» ነውን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክረምት በቡቲዬ ከዘመድ ቤት ከርሜ ነበር። ቡቲዬ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ከድንበሩ ብዙም የማትርቅ ሰፈር ናት። በዚያ ቤት በአንድ ቀን አራት ቋንቋ ይሰማል። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው በቦረና ኦሮምኛ ያወራሉ፤ ልጆቹ ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር በስዋሂሊ ይጫወታሉ፤ ከኢትዮጵያ በኩል እንግዳ ሲመጣ ወሬው ወደ አማርኛ ይዞራል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ደብተር ደግሞ በእንግሊዝኛ የተሞላ ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ «አኮ» እያለ የሚጠራቸው አያት የግመል ወተት ነጋዴ ነበሩ። አንድ ሰሞን ደረታቸውን አሟቸው ከሕክምና ቤት ቴትራሳይክሊን የተባለ ኪኒን ታዘዘላቸው። በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ በእንግሊዝኛ «ዱ ኖት ቴክ ዊዝ ሚልክ» የሚል ተጽፎበታል። ጽሑፉን ያነበበላቸው በኢትዮጵያ ሞያሌ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረው የልጅ ልጃቸው ነው። ልጁም ጥቂት አሰበና «ወተት ይዞ መሄድ ክልክል ነው ይላል» ሲል ተረጎመላቸው።

አኮ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ስለሆኑ አምስት ቀን ሙሉ ወተታቸውን ወደ ገበያ ሳይወስዱ ቀሩ። ኪኒኑን ግን ጠዋትና ማታ በዚያው በቤት በተረፈው ወተት ያወራርዱት ነበር። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ከቴትራሳይክሊን ጋር እየተጣበቀ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያግደው ለሳይንስ መምህራን መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ አኮ የአምስት ቀን ገበያቸውንም፣ የአምስት ቀን መድኃኒታቸውንም አጡ። ሕመሙ ለምን እንዳልተሻላቸው የተገለጠልን በስድስተኛው ቀን ፖስታውን እኔ ሳየው ነው።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የቃላት ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍች፣ በመሐል ቀጥ ያለ መስመር። «ቴክ» ከሚለው አንጻር «ወሰደ» ተብሎ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከሥሩም «ቱክ» እና «ቴክን» የሚሉት የኃላፊ ጊዜ ቅርጾች ሳይቀሩ ተመዝግበዋል። እኔም እንግሊዝኛ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ደብተር ስንት ጊዜ «በጣም ጥሩ» ብዬ ፈርሜበት እንደሆነ አስታወስኩና ልጁን ለመቆጣት አፌ አልታዘዘልኝም።

ጉዳቱ በአኮ ብቻ አልቆመም። ልጁ በዚያው ክረምት በኬንያ በኩል ወደሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመዛወር የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ከነበረበት ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ እንዲጀምር ተወሰነበት። የፈተናውን ወረቀት ስንመለከተው ከተሳሳታቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህችው በአንዲት ግሥ ላይ የተደናቀፉ ናቸው። «ስብሰባው የት ቴክ ፕሌስ አደረገ?» ለሚለው ጥያቄ «ስብሰባው ሰፊ ቦታ ወሰደ» ብሎ መልሷል፤ የተጠየቀው ግን ስብሰባው የት እንደተካሄደ ነበር። ስለ አንድ ነጋዴ በሚተርክ ምንባብ ውስጥ «ሂ ዎዝ ቴክን ኢል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሰውዬው ታመመ ማለት ነው። ልጁ ግን «ነጋዴው ወደ ኢል ተወሰደ» ብሎ ጻፈ፤ ለእኔም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ኢል የት አገር ነው?» አለኝ። በድርሰቱ ውስጥም ወንድሙ ፎቶግራፍ እንዳነሳው ሲጽፍ «አነሳ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስለመለሰው፣ አራሚው ወንድምዬው ፎቶግራፉን ከመሬት ብድግ ያደረገው መስሎት በቀይ ቀለም የጥያቄ ምልክት አኑሮበታል።

በዚህ የፎቶግራፍ ነገር ላይ ትንሽ መቆየት ደግ ነው። እንግሊዞች ፎቶግራፍን «ይወስዳሉ»፤ እኛ «እናነሳለን»፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ኦሮምኛ ተናጋሪም «ሱራ ካሱ» ሲል እንደኛው ያነሳል፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ግን «ፒጋ ፒቻ» ይላል፤ ፎቶግራፉን «ይመታዋል» ማለት ነው። ሥራው አንድ፣ መሣሪያው አንድ፤ ግሡ ግን አንዱ ዘንድ መውሰድ፣ ሌላው ዘንድ ማንሳት፣ ሌላው ዘንድ መምታት ሆነ። የስዋሂሊው «ፒጋ» በራሱ ጉድ የሆነ ግሥ ነው። ስልክ መደወል «ፒጋ ሲሙ»፣ ልብስ መተኮስ «ፒጋ ፓሲ»፣ ድምፅ መስጠት «ፒጋ ኩራ»፣ መጮህ «ፒጋ ኬሌሌ» ይባላል። ይህን ሲሰማ የሚስቅ የአማርኛ አስተማሪ ቢኖር ግን ወደ ራሱ ቋንቋ መለስ ይበል፤ እኛም ከበሮ እንመታለን፣ ማኅተም እንመታለን፣ ጽሕፈት በመኪና እንመታለን፣ ፀሐይም ሰው ይመታል። ማኅተምንና ከበሮን ስዋሂሊውም እንደኛው «ፒጋ» ነው የሚላቸው።

እንግዲህ አንድ ግሥ ብዙ ፍች መያዙ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአማርኛ «ያዘ» የሚለውን እንውሰድ። ፖሊስ ሌባ ያዘ፤ ጉንፋን ያዘኝ፤ ሥራ ያዘኝ፤ ቂም ያዘ፤ መንገዱን ያዘ፤ ተማሪው ማስታወሻ ያዘ፤ ቀድሞ የመጣው ወንበር ያዘ። ከእነዚህ ውስጥ ማስታወሻውና መንገዱ በእንግሊዝኛ በ«ቴክ» ይነገራሉ። ጉንፋኑ ግን በተለመደው አነጋገር ሰውን አይዘውም፤ ሰውዬው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፤ ያውም በሌላ ግሥ። አማርኛ ለሚማር የውጭ አገር ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው «አለ» ነው። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀስ አለ እንላለን። ለማን አለ? ምን ብሎ አለ? ይባስ ብለን «ዝም አለ» እንላለን፤ ያልተናገረውን ሰው «አለ» የምንል እኛ ነን።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ተማሪዎቻችን ከ«ቴክ» ጋር የሚጣሉበት ትልቁ ቦታ የሚገባቸው በዚህ በኩል ስለሆነ ነው። «ቴክ ኤ ሲት»፣ «ቴክ ኤ ባዝ»፣ «ቴክ ኤ ዎክ»፣ «ቴክ ኤ ሬስት»፣ «ቴክ ኤ ሉክ» በሚሉት አነጋገሮች ውስጥ «ቴክ» ራሱ ባዶ ዕቃ ነው። ትርጉሙን የተሸከመው ከኋላው የሚመጣው ስም ነው። ተቀመጠ፣ ታጠበ፣ ተንሸራሸረ፣ ዐረፈ፣ ተመለከተ ማለት ብቻ ናቸው፤ የሚወሰድ ነገር የለባቸውም። ልክ «ቁጭ አለ» ውስጥ ሥራውን የሚሠራው «ቁጭ» እንጂ «አለ» እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው። ይህን ንጽጽር ለዚያ ልጅ ስነግረው «እንዲህ ከሆነማ የኛው አለ ነዋ!» አለና ደብተሩን ሳበ። ከዚያ በኋላ በእነዚህ ላይ ሲሳሳት አላየሁትም።

«ቴክ» ከየት መጣ ለሚል መምህር ታሪኩ አጭርና አስደሳች ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ለመውሰድ የነበረው ግሥ «ኒማን» ነበር፤ ጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ኔመን» የሚለው የእሱ ወንድም ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ከዴንማርክና ከኖርዌይ በመርከብ የመጡት ወራሪዎች በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፈሩ፤ ከአገሬው ጋር ተጋቡ፣ ተገበያዩም። የእነሱ ግሥ «ታካ» ይባል ነበር። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መታየት ጀመረ፤ እየዋለ እያደረም «ኒማን»ን ከቦታው አስለቀቀው። «ታካ» «ኒማን»ን ተካ ብል አማርኛዬ አጋጣሚውን አገኘ እንጂ ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ከአሮጌው ግሥ ዛሬ በእንግሊዝኛ የቀሩት ፍርፋሪዎች ናቸው። አንዱ «ነም» የሚለው ቅጽል ሲሆን የደነዘዘ ማለት ነው፤ በጥንቱ ፍቹ «የተወሰደ» ነበር፤ ስሜቱ የተወሰደበት ማለት ነው። «ጌት» የሚለውም ሌላው አስቸጋሪ ግሥ በዚያው በሰሜኖቹ መርከብ የመጣ ነው። ድንበር ላይ የኖረ ሰው ይህ አይገርመውም። ተራ የሆኑት የዕለት ቃላት በገበያና በጋብቻ ነው ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚሻገሩት።

ስለ ፍች ብዛት ካነሳን ዘንድ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው በሁለተኛው የኦክስፎርድ ታላቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ረጅሙን ስፍራ የያዘው ግሥ «ሴት» የሚባለው፣ ማስቀመጥ የሚል መነሻ ያለው ቃል ነበር፤ ከአራት መቶ በላይ ፍች ተቆጥሮለታል። ኋላ አዘጋጆቹ መዝገቡን ሲያድሱ «ራን»፣ ማለትም «ሮጠ»፣ ከስድስት መቶ አልፎ ቀደመው። «ቴክ»ም ከእነዚህ ጋር የሚሰለፍ ነው። በሌላ በኩል ኦግደን የተባለው እንግሊዛዊ በ1930 እ.ኤ.አ. «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የሚለውን ባለ 850 ቃላት ቀላል እንግሊዝኛ ሲያወጣ ግሦቹን ወደ 18 ብቻ ዝቅ አድርጎ ነበር፤ «ቴክ» ከተመረጡት አንዱ ነው። የቃላቱ ቁጥር ሲያንስ ግን የእያንዳንዱ ሸክም ከበደ። «ገባ»ን፣ «ወጣ»ን፣ «ተወ»ን በአንድ አንድ ግሥ ማለት ቀርቶ በ«ጎ» እና በ«ጊቭ» ላይ ቅጥያ እየጨመሩ መናገር መጣ። በእኔ አስተያየት ኦግደን ለእንግሊዝ ልጅ ያቀለለውን ለሞያሌ ልጅ አክብዶበታል።

ቅጥያ ካልኩ ዘንድ ወደ እሱ ልመለስ። «ቴክ» ከኋላው «ኦፍ»፣ «አፕ»፣ «ኢን»፣ «ኦቨር»፣ «አፍተር» የመሳሰሉት ትንንሽ ቃላት ሲከተሉት ሌላ ግሥ ይሆናል። «ቴክ ኦፍ» ልብስ ከሆነ ማውለቅ ነው፤ አውሮፕላን ከሆነ መነሣት ነው። «ቴክ አፍተር» ከሰው በኋላ መውሰድ ሳይሆን በመልክ ወይም በጠባይ ወላጅን መምሰል ነው። «ቴክ ኦቨር» ሥራን ወይም ሥልጣንን መረከብ ነው፤ በጉልበት ከሆነም መንጠቅ። «ቴክ ኢን» ግን ለብቻው ይታይ። ልብስ ሰፊ ልብስ ሲያጠብ «ቴክ ኢን» ያደርጋል፤ አታላይ ሰውን ሲሸነግል «ቴክ ኢን» ያደርጋል፤ ተማሪ የተነገረውን ሲረዳ «ቴክ ኢን» ያደርጋል፤ ደግ ሰው ቤት ያጣውን ሲያስጠጋም እንዲሁ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ድንበሩን ተሻግረው በኬንያ በኩል ተጠልለው ነበር። ስለዚያ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ ቤተሰቦች ስደተኞቹን «ቱክ ዜም ኢን» ብሎ ቢጽፍ አስጠጓቸው ማለቱ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ የመጀመሪያውን ፍች ብቻ ያየ አንባቢ ግን አታለሏቸው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስድብና ምስጋና በአንድ ልብስ መጡ።

ድንበር ላይ እጅግ የሚጠቅም አንድ ልዩነት ደግሞ አለ፤ በዚህኛው ግን የአማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። «ቴክ» እና «ብሪንግ» የሚለያዩት ተናጋሪው በቆመበት ስፍራ ነው። በቡቲዬ ቆሜ ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ ይሂድ ስል «ቴክ» እላለሁ፤ ከኢትዮጵያ ወደ እኔ ይምጣ ስል «ብሪንግ»። አማርኛችን «ውሰድ» እና «አምጣ» ብሎ ይህንኑ ለይቶታልና ተማሪው አዲስ ነገር አይማርም፤ ያለውን ያውላል። በስዋሂሊ ግን እጅ ዘርግቶ ማንሳቱ «ቹኩዋ»፣ ወደ ሌላ ስፍራ ማድረሱ «ፔሌካ» ተብሎ ይከፈላል፤ የኬንያው ልጅ ሁለቱንም ወደ አንድ «ቴክ» መጠቅለል አለበት። ከኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሁለቱ አገር መሪዎች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን ሞያሌ ላይ ከመረቁ ወዲህ፣ በንግዱ የእንግሊዝኛ ወረቀት የሚሞላው ሰው በርክቷል፤ ውሰድና አምጣን ያምታታ ጸሐፊ ጭነቱን ወደ መጣበት ሊመልሰው ይችላል።

ኦሮምኛም የራሱን ይጨምራል። «ፉዸቹ» መውሰድ ነው፤ የወንድ ማግባት ደግሞ «ፉዹ» ይባላል። በድሮ እንግሊዝኛም ወንድ ሚስት «ቴክ» ያደርጋል፤ አማርኛ ግን «አገባ» ብሎ ሴቲቱን ወደ ቤት ያስገባታል። ለቦረና ተማሪ ይህን አገላለጽ በገዛ ቋንቋው በኩል ማስረዳት በአማርኛ ከማስረዳት ይቀልላል።

አሁን አንድ የማይመቸኝን ነገር ልናገር። ከእንግሊዝኛው «ቴክ» ጋር ብዙ ከመዋላችን የተነሣ የራሳችን «ወሰደ» ሆዱ እየሰፋ መጥቷል። አያቶቻችን ፈተና ይፈተኑ ነበር፤ እኛ «ፈተና ወሰድን» እንላለን። ሥራው ብዙ ጊዜ ፈጀ ይሉ ነበር፤ እኛ «ጊዜ ወሰደ» እንላለን። መድኃኒት ይጠጣ ወይም ይዋጥ ነበር፤ ዛሬ «ይወሰዳል»። «ኃላፊነት መውሰድ»፣ «ሥልጠና መውሰድ»፣ «እርምጃ መውሰድ» ከቢሮ ወረቀት የወጡ ናቸው። ቋንቋ ይለወጣልና ሁሉንም አልኮንንም፤ ግን የመጨረሻው አነጋገር ዕዳ አለበት። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በሬዲዮና በጋዜጣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ተገደሉ ማለት እንደነበር በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያውቃል። «ሌሊት ተወሰደ» ከተባለም ማን ወሰደው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ግሡ ቀላል ስለሆነ ከባዱን ነገር ለመሸፈን ተመቸ። ይህን የምጽፈው ተማሪው «ተወሰደ» የሚለውን ሲያነብ ወሳጁ የት እንደተደበቀ እንዲጠይቅ ማስተማርም የሰዋስው ሥራችን ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ወደ ክፍል እንግባ። የቡቲዬው ልጅ ስሕተት ምንጭ ያ በመሐሉ መስመር የተሰመረበት ደብተር ነው። አንድ ቃል ከአንድ ቃል ጋር ማጋባት ለ«ጠረጴዛ» ይሠራል፤ ለ«ቴክ» አይሠራም። ለዚህ ሥራ የሚረዱን መጻሕፍት ቀድሞውንም አሉን። በ1973 እ.ኤ.አ. የዎልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በቪስባደን ታትሟል፤ ይህ መጽሐፍ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያቀረበ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ ነው። በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላትም ወጥቷል። በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ቅጂ ካለ አራግፉና የ«ቴክ»ን ገጽ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አንብቡበት። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሁለት ሺህ ያህል ቃላት ዝርዝር ደግሞ የየአንዳንዱ ፍች ድግግሞሽ ከመቶ ስንት እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ የትኛውን ቀድመን እናስተምር ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሁሉንም ፍች በአንድ ቀን ለማስተማር የሚሞክር መምህር ግን ተማሪዎቹንም ራሱንም ያደክማል።

እኔ ከዚያ ልጅ ጋር የሞከርኩት እንዲህ ነበር። የግራውን ዓምድ እንደነበረ ትተን ቀኙን ሰረዝነው። በምትኩ በየቀኑ ሦስት ሦስት «ቴክ» ያለበት ጽሑፍ ወይም ንግግር ከውጭ ለቅሞ እንዲመጣ ነገርኩት፤ ከመድኃኒት ፖስታ፣ ከሱቅ ማስታወቂያ፣ ከሬዲዮ፣ ከአጎቱ ልጆች አፍ። ሲመጣ ቃሉን አልፈታለትም፤ «ከኋላው ምን ስም አለ? ከዚያስ ቅጥያ አለው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ሙሉውን ሐሳብ አማርኛ ቢሆን ምን እንደሚል ይነግረኛል። የአጎቱ ልጅ በኬንያ በኩል የተማረ ስለሆነ በስዋሂሊ ምን እንደሚባል ይጨምርበታል፤ «ቴክ ቲ» ሲል «ሻይ ጠጣ» መሆኑን ያለ ማንም እርዳታ የነገረን እሱ ነው። የአኮንም ፖስታ አንስቶ «በስዋሂሊ አስበኸው ቢሆን ኖሮ አትጠጪ የሚለው ይገባህ ነበር» ብሎ ቀለደበት። አኮም መድኃኒቱን እንደገና ከመጀመሪያው፣ በዚህ ጊዜ በውሃ ጀመሩ፤ ወተቱም ወደ ገበያ ወጣ።

ከቡቲዬ በወጣሁበት ዋዜማ ልጁ የመጨረሻዎቹን ሦስት ይዞ መጣ። ሁለቱን በትክክል ፈታቸው። ሦስተኛውን ከሬዲዮ የሰማው ነው፤ አንድ ተንታኝ የአንድን ባለሥልጣን ተስፋ «ቴክ ኢት ዊዝ ኤ ፒንች ኦፍ ሶልት» ብሎታል። ቃል በቃል በቁንጥር ጨው ውሰደው ማለት ነው፤ ፍቹ ግን ሙሉ በሙሉ አትመነው ነው። ልጁ ደብተሩን እንደያዘ ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ፦

«ጋሼ፣ ይህኛውስ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»